የእማዬ ንክሻ

ጥቅምት 4 ቀን

ለወንድሜ፤

ደህና እንደሆንክ አምናለሁ። እኔ ደህና ነኝ። እጄም ዓይኔም ደህና ናቸው፤ ይህን የምጽፈው ስለ ሁለቱም ስለጠየቅከኝ ነው። የዘገየሁት ታምሜ አይደለም።

የእማዬ ጥርስ አልደረሰም። ሦስተኛውን ሐሙስ ዕለት ጨረስኩት፣ አርብ ጠዋት በመስኮት ብርሃን አየሁት፣ ከሰዓት በኋላ በመዶሻ ሰበርኩት። ከላይኞቹ በግራ በኩል ሁለተኛው ጥርስ ቀለሙ ከጎረቤቱ ጋር አይሄድም። አንተ ብታየው አታገኘውም፤ እሷም አታገኘውም። እኔ ግን አየሁት፤ ካየሁ በኋላ ደግሞ እንዳላየ ማለፍ አልችልበትም። በመሥሪያ ቤታችን "እንደገና" የሚል ስም አውጥተውልኛል። ጄሶ የሚያቦኩት ሽማግሌ እንኳ፣ ጋሽ ጄሶ የምንላቸው፣ ጠዋት ስገባ "እንደገና መጣች" ይላሉ። ስድብ ይሁን ምስጋና አላጣራሁም።

"እዚሁ ከሱቅ ብንገዛላትስ?" ላልከው፦ ሰው ሠራሽ ጥርስ እንደ ጫማ ከመደርደሪያ አይነሳም። ሐኪሙ የቀሯትን አምስት ጥርሶች በሚያዝያ ከነቀለላት በኋላ ድዷ እስኪድን ጠብቄ፣ በሰኔ መጥቼ እዚያው ወጥ ቤታችሁ ውስጥ ለካኋት። የእናቴን አፍ ሌላ ጥርስ ሠሪ አይነካውም ያልኩት እኔ ነኝ። አሁንም እላለሁ።

ስለ ሠርግህ የጻፍከውን አንብቤዋለሁ። እማዬ "ጥርሴ ሳይገባ ምራቴ አትገባም" ያለችው በራሷ ነው፤ እኔ አላስባልኳትም። ቢሆንም የቸኮለ አፍሶ ለቀመ። ለእጮኛህ ሰላምታዬን አቅርብልኝና ሥራው በጥሩ ሁኔታ ላይ እንዳለ ንገራት።

አንድ ነገር ላክልኝ፤ እማዬ ስትስቅ የተነሳችው ፎቶ። ጥርሷ በደንብ የሚታይበት ይሁን።

እህትህ


ጥቅምት 13 ቀን

ለእትዬ፤

የአውቶቡሱ ሾፌር ደብዳቤሽን ሲያመጣልኝ መሰላል ላይ ነበርኩ። ፖስታውን በቀለም እጄ ስለተቀበልኩት ተበላሽቷል፤ በዚያው ፖስታ ነው የምመልስልሽና ይቅርታ። የአንቺ እጅ ጽሑፍ ግን ቀለም ቢፈስበትም ይነበባል። ስንት ጊዜ ገልብጠሽ እንደጻፍሽው አልጠይቅሽም።

ፎቶ የለም። ከእኔዋ እጮኛ ጋር ተቀምጠን አልበሙን ከዳር እስከ ዳር አገላበጥነው። እማዬ በሁሉም ላይ ወይ አፏን ገጥማለች ወይ በእጇ ሸፍናለች። አንቺ የተመረቅሽ ቀን በተነሳችው አንድ ፎቶ ላይ ብቻ ጥርሷ ብቅ ብሏል፤ እዚያም ላይ አንቺ ፊቷ ቆመሽ ግማሹን ጋርደሽዋል።

"እንዴት ነች?" ብለሽ አልጠየቅሽኝም፤ እኔ ልንገርሽ። ሾርባና በሻይ የራሰ ዳቦ ትበላለች። ቀሚሶቿ ሁሉ ሰፍተዋታል። ደረጃውን ከወረደች ወር ሊሞላት ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ በአውቶቡስ ጣቢያ ድምፅ ማጉያ የመነሻ ሰዓት ስታነብ የኖረች ሴት፣ አሁን ዳቦ ቤት ገብታ "ሁለት ስጠኝ" ማለት አፍራ እኔን ትልከኛለች። ሰው ሲመጣ መሐረብ አፏ ላይ አድርጋ ትቀመጣለች፤ ሰውየው እስኪሄድ አንድ ቃል አይወጣትም። ድሮ እንግዳ የሚቸገረው እሷ መቼ ዝም ትላለች ብሎ ነበር።

የእኔዋም ጥርስ እየነከሰችብን ነው። ደግነቱ በዚህ ቤት ጥርስ ያለን እሷና እኔ ብቻ ነን። የሠርጉን አዳራሽ ቀን ሁለት ጊዜ አስለውጫታለሁ። ቀኑን ሙሉ ፋርማሲ ቆማ የሰው በሽታ ስትሰማ ውላ፣ ማታ እኔ ጋ ስትመጣ ስለ ግራ ሁለተኛ ጥርስ ቀለም እነግራታለሁ።

እትዬ፣ ከሰበርሻቸው ከሦስቱ አንዱን ብትልኪልን ምን ነበረበት? እኔ ግድግዳ ቀቢ ነኝ። ጠዋት ፀሐይ ስታርፍበት እንከን የማይወጣበት ግድግዳ እስካሁን አልቀባሁም። ባለቤቶቹ ይገባሉ፣ ፎቶ ይሰቅሉበታል፣ ሶፋ ያስጠጉበታል፤ ያልቃል።

መቼ?

ወንድምሽ


ጥቅምት 24 ቀን

ለወንድሜ፤

በፖስታው ላይ የነበረው ቀለም የዝሆን ጥርስ የሚባለው ነጭ ነው፤ ለይቼዋለሁ። ይቅርታህን ተቀብያለሁ።

ከደብዳቤው በኋላ በሾፌሩ በላክሃት ቁራጭ ወረቀት ሁለት ነገር ጠይቀሃል። በስልክ ብንጨርሰውስ ላልከው፦ በስልክ የተናገርኩትን መሰረዝ አልችልም፤ ስለዚህ በስልክ እንዲህ ያለ ነገር አላወራም። ራስሽ ብትመጪስ ላልከው፦ ሥራ አለብኝ። ልኬቱ ደግሞ ትክክል ነው፤ እንደገና የምለካበት ምክንያት የለም።

ከዚህ ጋር በጨርቅ የተጠቀለለ ሣጥን ይደርስሃል። ውስጡ አራተኛው ነው፤ ገና አላለቀም። ጥርሶቹ የተተከሉት ሮዝ ሰም ላይ ነው፤ ይህ ለሙከራ ብቻ የሚሆን ነው። እማዬ አፍ ውስጥ ታደርገዋለህ፣ በሰኔ እንዳደረገችው ቀጥ አድርጋ ትነክሳለች፣ አንተ ደግሞ በተያያዘው ወረቀት ላይ ያሉትን አሥራ አንድ ጥያቄዎች ትመልሳለህ። ወደ መስኮቱ ፊቷን አዙራት። መብራት አታብራ።

ከአምስት ደቂቃ በላይ አፏ ውስጥ አይቆይ። ከዚያ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አስቀምጠው። አይበላበትም። አይጠጣበትም። ሰም ነው፣ ይለሰልሳል። አሥራ ሁለት ቀን የሠራሁት ነው።

እህትህ


ኅዳር 3 ቀን

ለእትዬ፤

ይህን ደብዳቤ ተቀምጠሽ አንብቢው። አስቀድሜ ይቅርታ ልበልሽ፤ ለአንደኛው ይቅርታ ላድርግልህ ካልሽ ሁለተኛውንም ጨምሪበት። አንደኛው ስለሆነው ነገር ነው። ሁለተኛው ሦስት ቀን ሙሉ ሳልነግርሽ በመቆየቴ ነው።

ሣጥኑ ሰኞ ደረሰ። እማዬ ልክ እንደ ሐኪም እጇን እስከ ክርኗ ታጥባ ተቀመጠች። አስገባሁት። ወደ መስኮቱ አዞርኳት። የመጀመሪያውን ጥያቄ መለስኩ፣ ሁለተኛውንም መለስኩ፤ ሦስተኛው ላይ ስንደርስ ከሥራ ቦታ ተደወለልኝ፤ በዋዜማው የቀባነው ጣሪያ ውሃ እያንጠባጠበ ነው አሉኝ። "አምስት ደቂቃ ሲሞላ አውጪው" ብያት በሩጫ ወጣሁ። ወረቀትሽን እዚያው ጠረጴዛው ላይ ትቼዋለሁ፤ አይበላም አይጠጣም የሚለውን ራሷ ማንበብ ትችል ነበር።

ስመለስ ቤት የለችም። ደረጃውን ወርዳለች። ዳቦ ቤት ገብታ ራሷ አዝዛ ገዝታለች። ከዚያ ታች ካለችው ልብስ ሰፊ ዘንድ ጎራ ብላ ሻይ ጠጥታለች፤ ዳቦውንም በልታለች። ልብስ ሰፊዋ እንደነገረችኝ ሁለት ሰዓት ሙሉ ያወራችው እማዬ ነች፤ ሰፊዋም ጥርስ አላስከድን ብላት አንድ እጅጌ ገልብጣ ሰፍታለች።

ሻዩ ትኩስ ነበር። ሰሙ ለስልሶ ጥርሶቹ ወደ ግራ ዞረዋል። አንዱ ሲኒው ውስጥ ወደቀ። እኔ ፈልጌያት ልብስ ሰፊዋ ቤት ስገባ መሐረቡ አፏ ላይ ተመልሶ ነበር። "አበላሸሁት አይደል? ለእህትህ እንዳትነግርብኝ" አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ደረጃውን አልወረደችም፤ ሾርባም እምቢ ብላ ነበር፤ ትናንት ትንሽ ቀምሳለች።

የተረፈውን ከእኔዋ ፋርማሲ ባመጣሁት ጠርሙስ፣ ከእርጥብ ጥጥ ጋር ልኬልሻለሁ። የወደቀው ጥርስም አለ። አጥቤዋለሁ።

ወንድምሽ


ኅዳር 9 ቀን

ለወንድሜ፤

ጠርሙሱ ደርሷል።

አምስት ደቂቃ ብዬ ነበር። አይጠጣበትም ብዬ ነበር። ከዚህ በላይ እንዴት እንደሚጻፍ አላውቅም። ከእንግዲህ የሙከራ ዕቃ አልልክም። ሁሉንም ከመጀመሪያው እጀምራለሁ፤ ለየካቲት ይደርስ ይሆናል።

እማዬን አልተቆጣሁም በላት።

እህትህ


ኅዳር 15 ቀን

ለእትዬ፤

ብያታለሁ። አላመነችም።

እኔም የደበቅኩሽ ነገር አለ። ሠርጉ ታኅሣሥ 18 ነው። ቀኑ ከተቆረጠ ሦስት ሳምንት ሆኖታል። የእኔዋ አባት "ልጄ የምታገባው አንተን ነው እንጂ የእናትህን ጥርስ አይደለም" አሉኝ፤ ተስማማሁ። እማዬ ሂዱ፣ ተጋቡ፣ እኔ ግን በዚህ አፌ አዳራሽ አልገባም ብላለች። ለምኛታለሁ። የእኔዋም ለምናታለች። ያለ እናቴ ነው የማገባው ማለት ነው። ይህን ብዙ ማስጌጥ አልችልም።

ሌላ አንድ ነገር። ባለፈው ደብዳቤሽ ላይ "ለየካቲት" ያልሽው ቃል ሥር የተሰረዘ ሌላ ቃል ነበር። ካንቺ የመጣ ስርዝ ሳይ የመጀመሪያዬ ስለሆነ ወረቀቱን ገልብጬ ወደ መብራቱ አስጠጋሁት። "አላውቅም" ይላል። እትዬ፣ እሱን ብትተይልኝ ይሻለኝ ነበር።

ደግሞስ ስለ ልኬቱ ማን ጠየቀሽ? እኔ ለምን አትመጪም ነው ያልኩሽ። "ልኬቱ ትክክል ነው" ብለሽ መለስሽልኝ።

ወንድምሽ


ኅዳር 27 ቀን

ለወንድሜ፤

ልኬቱ ትክክል አልነበረም።

ይህን ዓረፍተ ነገር አራት ጊዜ ጽፌ አራት ጊዜ ቀድጄዋለሁ። አምስተኛው ይህ ነው። አሁን የቀረውን ልጻፍልህ።

የመጀመሪያውን በሐምሌ ስጨርስ ነው ያወቅኩት። እኛ የላይና የታች ድድ ቅርጽ በጄሶ እናወጣና መንጋጋ በሚመስል ብረት ላይ እናስራቸዋለን፤ ብረቱን ስትዘጋው ጥርሶቹ መገናኘት አለባቸው። ተገናኙ። ነገር ግን የግራው ድድ የተበላበት መንገድ ከቀኙ የተለየ ነበር፤ ያ ድድ ዕድሜውን ሙሉ በአንድ ወገን ያኘከ ሰው ድድ ነው። ንክሻዋ ግን ቀጥ ያለ ነው። ሁለቱ አብረው አይሄዱም። ማንም ጀማሪ ያውቀዋል። በሰኔ ስለካት አንድ ነገር ተሳስቻለሁ ማለት ነው፤ ምን እንደሆነ ግን ላገኘው አልቻልኩም።

የነበረብኝ በማግስቱ "ተሳስቻለሁ፣ እንደገና ልለካት እመጣለሁ" ብዬ መጻፍ ነው። ሁለት መስመር አይሞላም። እኔ ግን የግማሽ ሚሊሜትር ስህተት አገኘሁብሽ ብዬ ጀማሪ ሴት ልጅ አስለቅሼ ወደ ቤቷ የሰደድኩ ሰው ነኝ። ሃያ አንድ ዓመት በዚህ ጠረጴዛ ተቀምጬ "የእሷ ልኬት አይመለስም" ሲባልልኝ ኖሬያለሁ። በእናቴ አፍ ላይ ተሳሳተች እንዲባል አልፈለግሁም። ስለዚህ ቀለም አመጣሁ። ቀለሙ ምንም አልነበረም። ለመስበር ምክንያት ያስፈልገኝ ነበር። ሲሰበር ደግሞ ማንም ወስዶ አይገጥመውም፤ ካልተገጠመ አላሳከከም፣ አላቆሰለም፣ አልተሳሳትኩም።

በዚህ መሃል እሷ በሻይ የራሰ ዳቦ ትበላ ነበር። ይህን ጽፈህልኝ ነበር። አንብቤ ፖስታው ውስጥ መለስኩት። አፍራለሁ።

ጠርሙስህን ሦስት ቀን አልነካሁትም። በአራተኛው ቀን ከምሳ ስመለስ ጋሽ ጄሶ ያን የተበላሸ ሰም አውጥተው፣ የወደቀውን ጥርስ ቦታው መልሰው፣ ብረቱ ላይ አስረውታል። "ማን ንኩት አለዎት?" አልኳቸው። "ይቺ ሴትዮ የምትነክሰው እንዲህ ነው" አሉኝና ብረቱን ከፈት ዘጋ አደረጉት። ሁሉም ነገር ቦታው ላይ ወደቀ። የግራው ድድ፣ የቀኙ ድድ፣ ሁሉም። ትኩስ ሻይ እየጠጣች ሁለት ሰዓት ስታወራ ሰሙ ለስልሶ የራሷን ንክሻ ያዘ። የታችኛው መንጋጋዋ ከመካከል የክብሪት እንጨት ውፍረት ያህል ወደ ግራ ይሄዳል። እኔ አምስት ወር ያጣሁትን እማዬ ልብስ ሰፊዋ ቤት አገኘችው።

አሁን በዚያ ላይ እየሠራሁ ነው። ጥርሶቹ ከፊት ሲታዩ ቀጥ ያሉ አይሆኑም፤ እንደዚያ ካልሆኑ አይገጥሙም። ታኅሣሥ 16 በሾፌሩ ይደርሳችኋል። ይገጥማሉ ብዬ አልምልም። አላውቅም።

እኔ ለሠርጉ አልመጣም። ካልገጠመ ፊቷን ማየት አልችልም። ይህም ጥሩ ምክንያት አይደለም፤ ግን እውነተኛው እሱ ነው። ለእማዬ ይህን ደብዳቤ አታንብብላት።

እህትህ


ታኅሣሥ 21 ቀን

ለእትዬ፤

አገባሁ። ሚስቴ ሰላም ብላሻለች። ከሠርጉ ማግስት ጀምሮ "የእኔዋ" ማለት ቀርቶ "ሚስቴ" ማለት ስለጀመርኩ "ፈረምክብኝ እንጂ አልገዛኸኝም" ትለኛለች።

ገጥሟል። መጀመሪያ ይህን ልንገርሽ፣ ሌላው ይደርሳል። እማዬ ሣጥኑን ከፍታ ጥርሶቹን አየቻቸው፣ "የኔው ናቸው" አለች፣ አስገባቻቸው፣ ካሮት ከወጥ ቤት አንስታ ገመጠች። ሲንኮሻኮሽ ሳሎን ድረስ ተሰማን። ሚስቴ ምን እንዳስለቀሳት እስካሁን አልነገረችኝም።

አዳራሹ ውስጥ መሐረብ አልያዘችም። ምግብ ከሁላችንም እኩል በላች። መጨረሻ ላይ ማይክሮፎኑን ከሙዚቀኛው ተቀበለች፤ ተቀበለች ከምል ነጠቀች ብል ይሻላል። እንግዶቹን በጠረጴዛ ቁጥር እየጠራች አመሰገነች፤ የምታውቂው ድምፅ ነው። አንድ ሽማግሌ "የትኛው በር ነው የምንሳፈረው?" ብለው ጮኹ፤ አዳራሹ ተናወጠ።

አንድ ነገር አለ፤ ብደብቅሽ ከሌላ ሰው ትሰሚዋለሽ። "ሰ" ላይ ታፏጫለች። "ሰላም" ስትል ትንሽ ፉጨት አለ። ማይክሮፎኑ ደግሞ አጎላው። ሰው ሳቀ፣ እሷም ሳቀች፣ አፏን አልሸፈነችም።

ወንበርሽ ባዶ ነበር። ቅር ብሎኛል። ሆድ ይፍጀው ብዬ ልተወው ነበር፤ ግን አንቺም እውነቱን ስለጻፍሽልኝ እኔም ልጻፍልሽ።

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 26 ቀን

ለወንድሜ፤

እንኳን ደስ ያላችሁ። ጎጇችሁ የሞቀ ይሁን። ስላልመጣሁ ይቅርታ አድርግልኝ፤ ይህን ለሚስትህም ለብቻዋ ጽፌያለሁ።

ፉጨቱ ከየት እንደሚመጣ አውቃለሁ። ከላይኛው የፊት ጥርሶች ጀርባ ጥቂት አጥብቤ መሥራት ነበረብኝ፤ ቸኩዬ ዘለልኩት። ጥርሱን በሾፌሩ መልሱልኝ። ስምንት ቀን ይበቃኛል። ቢበዛ አሥር። ሌላም ላየው የምፈልገው ነገር አለ።

እህትህ


ጥር 5 ቀን

ለልጄ፤

ይህን የምጽፈው እኔ ነኝ። ወንድምሽ አጠገቤ ተቀምጦ ፊደሌን ላርምልሽ ብሎ ነበር፤ ሥራህ ሂድ ብዬዋለሁ።

ጥርሴን አልሰጥም። ስምንት ቀን ያልሽውን ስምንት ቀን አውቀዋለሁ።

ለወንድሜ ብቻ ያልሽውን ደብዳቤ አንብቤዋለሁ። እሱን እንዳትቆጪው፤ ሱሪውን ላጥብ ስል ከኪሱ ያገኘሁት ነው። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሁለተኛውን ጊዜ ያነበብኩት ነገሩ የቱ ጋ እንደተበላሸ እያወቅኩ ስለሆነ ከበደኝ። አንቺ ምን እንዳሳሳተሽ ፈልገሽ አጣሽው። አታገኚውም። አንቺ አልተሳሳትሽም።

ልንገርሽ። በሰኔ ወጥ ቤት ውስጥ መብራት ግንባርሽ ላይ አስረሽ "ንከሺ" አልሽኝ። ነከስኩ። ቅንድብሽ ተሰበሰበ። "ቀጥ አድርጊው እንጂ፣ እማዬ" አልሽ። ያን ፊት አውቀዋለሁ። ሁለተኛ ክፍል ሆነሽ አንድ ፊደል ስትሳሳቺ የደብተሩን ገጽ ሙሉ ገንጥለሽ ከመጀመሪያው የምትጀምሪበት ፊት ነው። ደብተሩ አልቆ ሽፋኑ ብቻ የቀረ ጊዜ ነበር። እኔ መንጋጋዬ ከልጅነቴ ጀምሮ ወደ ግራ ነው፤ ቀጥ ብዬ ነክሼ አላውቅም። ግን እንዲህ ነኝ ብልሽ ታዝኛለሽ፣ ሥራሽንም አበላሽብሻለሁ ብዬ፣ ጎትቼ ቀጥ አደረግኩት። ያመኝ ነበር። እስክትጨርሺ ቻልኩት። "ጎበዝ" አልሽኝ፤ ደስ አለኝ።

እንግዲህ የለካሽው ልክ ነው። የሌለኝን የሰጠሁሽ እኔ ነኝ። አምስት ወር ስትሰብሪ የኖርሽው የእኔን ውሸት ነው፤ እኔም አፌን ይዤ ዝም አልኩ። ሻዩ ባያጋልጠኝ ኖሮ አልናገርም ነበር።

እኔ ማስታወቂያ ሳነብ አንድ ቀን ሦስተኛውን አውቶቡስ በአምስተኛው በር ጠርቼ አርባ ሰው ወደማይሄድበት አገር ሄደ። አለቃዬ ጮኸብኝ፤ አለቀስኩ። በማግስቱ ጠዋት ያው ወንበር ላይ ተቀምጬ አነበብኩ፤ ምን ላደርግ፣ አውቶቡሱ እኔን አይጠብቅም። ይህን ነግሬሽ አላውቅም። አንቺ ፊት ተሳስቼ እንደማውቅ ማሳወቅ አልወድም ነበር።

መጣሁ ባልሽ ቁጥር ሦስት ቀን ቀድሜ ወለሉን እፈትጋለሁ። ብርጭቆዎቹን በልክ እደረድራለሁ። አንቺ ከሄድሽ በኋላ ጉልበቴ አብጦ እተኛለሁ። እወድሻለሁ፤ ይህን አትጠራጠሪ። ግን እፈራሻለሁ። ሰው የወለደውን ይፈራል ወይ ትይኝ ይሆናል። እኔ እፈራለሁ።

ፉጨቱን ለምጄዋለሁ። ዳቦ ሻጩ ቀና ሳይል ማን እንደመጣ ያውቃል።

እናትሽ


ጥር 12 ቀን

እማዬ፤

ደብዳቤሽን በምሳ ሰዓት አነበብኩት። ከዚያ ወደ እጅ መታጠቢያው ሄጄ ውሃውን ከፍቼ አለቀስኩ፤ ለምን እንደከፈትኩት አላውቅም፣ ሁሉም ሰምተዋል። ጋሽ ጄሶ ፎጣ አቀበሉኝ። ፎጣው ጄሶ ነበረበት፤ ፊቴ ነጭ ሆኖ ዋለ፤ ማንም አልነገረኝም።

ጥርሱ አይመለስ። አንቺ ጋ ይሁን።

በማግስቱ አንድ ጡረተኛ ዳኛ ለልኬት መጡ። ሰሙን አፋቸው ውስጥ አድርጌ "ይንከሱ" አልኳቸው። ነከሱ፤ ነክሰውም ፊቴን አዩ። ቀና አልኩና ዓይናቸውን አየሁት። ትክክል አደረግኩ ወይ እያሉኝ ነበር። ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ሰው ሲፈርዱ የኖሩ ሰው ናቸው። ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ ሰዎች እንዲህ ሲያዩኝ አክብሮት ይመስለኝ ነበር።

ከምሳዬ ቁራሽ ዳቦ ሰጠኋቸው፣ ጀርባዬን ሰጥቼ በመስኮቱ ወደ ውጪ እያየሁ "እስኪያልቅ ያኝኩ፣ እኔ አላይዎትም" አልኳቸው። መጀመሪያ አፈሩ። ከዚያ ማኘክ ጀመሩ። ስዞር መንጋጋቸው ከመጀመሪያው ሌላ ቦታ ላይ ነበር። ስንቱን ሰው በማይነክስበት አስነክሼ እንደሰደድኩ አላውቅም። ቤታቸው ገብተው መሳቢያ ውስጥ አስቀምጠውት ይሆናል። አንዳቸውም አልመለሱልኝም፤ እኔ ደግሞ ሥራዬ ስለማይመለስ እኮራ ነበር።

አትፍሪኝ ብዬ ብጽፍልሽ ዋጋ የለውም፤ ፍርሃት በደብዳቤ አይነሳም። ያስለቀስኳት ጀማሪ አሁን በሌላ መሥሪያ ቤት ናት፤ ትናንት ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኳት። እሺ አለችኝ። የምታየኝ ግን እንደ ድሮው ነው። ጊዜ ይፈልጋል ማለት ነው፤ ስንት እንደሆነ አላውቅም።

ቅዳሜ በጠዋቱ አውቶቡስ እመጣለሁ። የምመጣው ጥርስሽን ለማየት አይደለም፤ ስትስቂ ካየሁት አየሁት። ዓይኔ እንከን ላይ ማረፉን ገና አልተወም፤ ያንን እወቂልኝ። እንከን ካየሁም ዝም እላለሁ፤ ዝም ማለት ካቃተኝ ውጪ ደርሼ እመለሳለሁ።

ወለሉን እንዳትፈትጊ። ከነአቧራው ጠብቂኝ፣ እናቴ።

ልጅሽ